ያላለቀው ዋንጫ

ጁምበር ጋን ሠሪ ነው። ሰው ቆሞ የሚገባበትን የወይን ጠጅ ጋን ከሸክላ ይሠራል፤ ጋኑ እስከ አፉ መሬት ይቀበርና ጠጁ እዚያ ውስጥ ይከርማል። ከአላዛኒ ወንዝ ወዲህ ካሉት ጓዳዎች የእሱ እጅ ያላረፈበት ጥቂት ነው። ሰባ ሰባት ዓመት ሞልቶታል፤ ከጭቃው ግን ዛሬም አልራቀም።

ይህን ሁሉ ሙያ ይዞ መንደሩ የሚያውቀው በሌላ ስም ነው፤ “ፊልም ገዳዩ” ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ጎረቤቱና አብሮ አደጉ ሺዮ ነው። ሺዮ ክፉ ሰው አይደለም፤ ምላሱን ማሰር አይችልም እንጂ።

ከዚያ ስም በፊት ጁምበር ታማዳ ነበር። ያለ ታማዳ ድግስ እረኛ የሌለው መንጋ ነው፤ ዋንጫ አንስቶ የሚናገረው፣ ለማን እንደሚጠጣ፣ መቼ ዝም እንደሚባል የሚያዘው እሱ ነው። ጁምበር ሲናገር የተኳረፉ ይታረቁ ነበር። ከፊልሙ ወዲህ ግን ዋንጫ አላነሳም። ሠርግ ሲጠራ በሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ መርቆ ይወጣል። ሰላሳ አራት ዓመት የጋን ውስጥ መብራት ሆኖ ኖረ። ያሳዝናል፤ እውነቱን ለመናገር ያናድዳልም።

ባለፈው ጸደይ የልጅ ልጁ ኑጻ መጣችና ለመኸር ልታገባ መሆኗን ነገረችው።

“ታማዳዬ አንተ ነህ፣ አያቴ።”

“ሌላ ፈልጊ።”

“ሌላ አያት ከየት ላምጣ?”

“ሺዮ አለልሽ።”

“ሺዮማ ሙሽሮቹን ረስቶ ስለ ራሱ ሲያወራ ይነጋል።”

ጁምበር ፈገግ እንኳ አላለም። “እኔ ዋንጫ ያነሳሁ ዕለት የሰው ሥራ አፈረስኩ። ያንቺን ቀን አላፈርስም” ብሎ ወደ ጭቃው ዞረ። ኑጻ አልተጣላችውም። እስከ መኸር ገና ነው ብላው ሄደች።

ፈረሰ የሚለው ሥራ እንዲህ ነበር። ኦታር የሚባል የፊልም አዘጋጅ፣ ልቡ ከአቅሙ የሰፋ ሰው፣ ጦርነት በሚገጥምበት ዋዜማ ግብር ስለሚያበላ የጥንት ንጉሥ ፊልም ሊሠራ ወደ መንደሩ መጣ። ሁለት መቶ ሰው በአንድ ማዕድ ይቀመጣል፤ ካሜራው በሃዲድ ላይ ሆኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ከሳንቃ ያሠራውን ቤተ መንግሥት ነፋስ ጣለው፤ እንደገና አሠራው። ፈረሶቹን ሳል ያዛቸው። በመጨረሻም ንጉሥ የሆነው ተዋናይ ከፈረስ ወድቆ የፊት ጥርሶቹን አጣ። ንጉሡ አፉን ዘግቶ ይቀመጥ፣ በእሱ ፈንታ ታማዳው ይናገር ተባለ። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንዲሉ፣ የንጉሡ ግብር በጋን ሠሪው ላይ ወደቀ።

ያ ዓመት አገሩን ያኔ ትገዛ ከነበረችው ከሞስኮ በመጠጥ ላይ ብርቱ ትዕዛዝ የወጣበት ነው። ወይን እየተነቀለ፣ ሠርግ በጭማቂ እየተደገሰ ነበር። ስለዚህ ገንቦዎቹ በቀለም የቀላ ውሃ ተሞሉ። የፊልሙ ሥራ አስኪያጅም አንዲት ጠብታ ጠጅ ብትገኝ ሁላችንም አለቀልን ብሎ አስጠነቀቀ።

ችግሩ፣ የፊልሙ ጽሑፍ ታማዳው በጦርነት ለሞቱት ዋንጫ ያነሳል ይላል። በአገሩ ልማድ ለሙታን በውሃ ዋንጫ ማንሳት የጠላት ሥራ ነው። የጁምበር አባት ልጁ ገና በእናቱ ሆድ ሳለ በዓለም ጦርነት ኬርች ወደሚባለው ግንባር ዘምቶ በዚያው ቀርቷል፤ በመንደሩም ሰው ያልጎደለበት ቤት የለም።

“ፊልም እኮ ነው። ሁሉም ውሸት ነው” አለው ሥራ አስኪያጁ።

“ንጉሡ ውሸት ይሁን። ሙታን ግን አሉን” አለ ጁምበር።

በማግስቱ ማለዳ እሱና ሺዮ ቀዩን ውሃ ደፍተው ገንቦዎቹን ሁሉ ከጁምበር ጋን በተቀዳ ጥቁር ወይን ጠጅ ሞሉ። ትዕይንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀረጽ ሁሉም ደህና ነበር። አራተኛው ቀረጻ ላይ በፊልሙ ጳጳስ የሆነው ሺዮ ሞቅ ብሎት የጠላትን መልእክተኛ አቅፎ ሲስም ተገኘ። ስድስተኛው ላይ ጁምበር የተጻፈለትን ትቶ ከመንደሩ ዘምተው ያልተመለሱትን በየስማቸው ይጠራ ጀመር። የራስን ሰው ማስቀደም ነውር ስለሆነ አባቱን መጨረሻ ላይ አኖረው። የአባቱ ስም ብቻ ሲቀረው ሥራ አስኪያጁ ገንቦ አሽትቶ እየጮኸ ገባ። ማዕዱ ተበተነ። በሳምንቱ ፊልሙ ተዘጋ፤ ኦታርም ሌላ ፊልም ሳይሠራ ሞተ።

ጁምበርን ከውስጥ የበላው ይህ ነው። የሰው ሕልም ገደልኩ ብሎ አመነ። የአባቱም ዋንጫ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ አንስቶ እንዳይጨርሰው ድፍረቱ ከድቶታል።

በሰኔ ታምታ የምትባል የከተማ ልጅ ካሜራ ይዛ መጣች። አባቷ ያኔ ወጣት ነበር፤ ኦታር ፊልሙን ሲሠራ እሱ በሌላ ትንሽ ካሜራ ኦታርን ይቀርጽ ነበር። አባቷ ሲሞት ከጓዳው ስድስት ቆርቆሮ ፊልም ተገኘ። እሷም ከዚያ ተነስታ ስላልተሳካው ፊልም ዘጋቢ ፊልም እየሠራች ነው።

“አባባ ጁምበር፣ ስለዚያ ቀን እንዲነግሩኝ ነው የመጣሁት።”

“ሺዮን ጠይቂ። እሱ ሳይጠየቅም ይናገራል።”

“ጠየቅኳቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ነገሩኝ።”

“እሺ፣ ምን አለ?”

“እሳቸውን ከሰማን ኦታር ረዳታቸው ነበር።”

ጁምበር ሊስቅ ትንሽ ቀረው። ወዲያው ግን እጁን ከጭቃው አወጣ። “ልጄ፣ እኔ ያለሁበትን ቆርጠሽ አውጪልኝ። ይሳቅብኛል ብዬ አይደለም። የኦታር ልጆች ያዩታል።”

“እርስዎ አይተውት ያውቃሉ?”

“ማን አሳይቶኝ።”

“መጀመሪያ ይዩት። ከዚያ አውጪ ካሉኝ አወጣለሁ።”

በነሐሴ መጨረሻ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ መንደሩ በባህል አዳራሹ ተሰበሰበ። ጁምበር እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ኑጻ እንዳይሸሽ ይመስላል ወንበሯን ከጎኑ አስጠግታለች። ቤተ መንግሥቱ ሲወድቅ ሰው ሳቀ። ጳጳሱ ጠላቱን ሲስም አዳራሹ ተናጋ፤ ሺዮም ተነስቶ እጅ ነሳ።

ከዚያ ጥቁር ጢም ያለው የአርባ ሦስት ዓመቱ ጁምበር የቀንድ ዋንጫ ይዞ ታየ። ስሞቹን መጥራት ሲጀምር ካሜራው ዞር ብሎ ኦታርን አሳየ። የትልቁ ካሜራ ቀራጭ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ ሲያናግረው ይሰማል።

“ወይን ጠጅ ነው እኮ የሚጠጡት። ላቁም?”

“ከጠዋት ጀምሮ ሸቶኛል” ይላል ኦታር።

“ታዲያ?”

“አታቁም። ዓመት ሙሉ የለፋሁት ይህን ለማየት ነው። ሰውየው ይጨርስ።”

ጁምበር የኑጻን እጅ ጨበጠ፤ ሲጨብጣት አጥንቷ ድረስ ተሰማት። በመጋረጃው ላይ ስሞቹ ይቀጥላሉ፤ ኒካላ፣ ጊጎላ፣ ላዶ የሺዮ አባት። በየወንበሩ የልጅ ልጆቻቸው ተቀምጠዋል፤ አሁን የሚስቅ የለም። ከዚያ ጩኸት ተሰማ፣ ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ መጋረጃው ነጭ ሆነ።

ከበሩ አጠገብ ወንበር ተንቋቋ። ጁምበር ቆሟል። ታምታ አይታው ፊልሙን አቆመች።

“አንድ ሰው ቀርቶኛል” አለ። ዙሪያውን አየ፤ በእጁ ምንም የለም። ሺዮ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ከኮቱ ኪስ ጠርሙስና ትንሽ ብርጭቆ አወጣ፤ ቅዳሴም ሲሄድ ባዶ ኪሱን ወጥቶ አያውቅም።

“ውሃ እንዳይሆን” አለው ጁምበር።

“ካንተ ጋን ነው የሰረቅሁት” አለ ሺዮ እየቀዳለት።

ሰው ሁሉ ተነሳ። ጁምበር ጥቂት መሬት ላይ ጠብ አደረገ። “ሳንድሮ፣ አባቴ” አለ። “መልክህን አላውቀውም። ሲያዩኝ ግን እሱን ትመስላለህ ይሉኛል። እንግዲህ እዚህ አብረኸን ቆመሃል ማለት ነው። አቆየሁህ፣ ይቅር በለኝ።” ጨልጦ ጠጣ።

ታምታ በወንበሮቹ መካከል አልፋ መጣች። “አባባ፣ ቆርጬ ላውጣው?”

“ተዪው፣ ይታይ” አላት። ከዚያ ወደ ኑጻ ዞረ። “ለሠርግሽ ስንት ሰው ነው የጠራሽው?”

“ሁለት መቶ።”

“እንግዲያው ገንቦውን ማንም እንዳይነካ። እኔ እሞላዋለሁ፤ ዋንጫውንም እኔው አነሳለሁ።”