አያ ወዳጆና አልለቅም ያለው መንፈስ

የመንዝ ዘመሮ ሰው የወዳጆን ነገር ሲያወራ ልክ የለውም። አመድ ላይ ተንከባሎ ጅብ ይሆናል አሉ። ሲነጋ ሚስቱ በአርጩሜ ነካ አድርጋ ሰው ታደርገዋለች አሉ። እሱ ይስቃል እንጂ አይቆጣም። «እንዲያ ቢሆንልኝማ መሐል ሜዳ ከተማ ለመድረስ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ገብስ ነዶ እታጨቅ ነበር?» ይላል።

ግን ወሬውን ጨርሶ አያስተባብልም፤ እንጀራው ነዋ! በግ ማርባቱና ገብስ ማረሱ እንዳለ ሆኖ፣ ቡዳ በላው፣ መንፈስ ያዘው በተባለ ቁጥር የሚጠራው እሱ ነው። በሽተኛው ፊት የበግ ለምዱን ገልብጦ ጸጉሩን ወደ ውጭ ይለብሳል፣ ግንባሩን አመድ ይቀባል፣ በእጅ በእግሩ እየዳኸ እንደ ጅብ ይጮሃል። ጅብ ሲመጣ መንፈስ ይርዳል፤ ከአባቱ የተማረው እንዲህ ነው። ከዚያ ይጠይቃል፦ «ማነህ? የት ያዝከው? በምን ትለቃለህ?» መንፈሱም በበሽተኛው አፍ ካሳውን ይናገራል። አመድ የሚል አለ፣ ጥቁር ዶሮ የሚል አለ። ካሳውን ሲያገኝ ምሎ ይወጣል።

የወዳጆ ጭንቅ ታዲያ ከመንፈስ አልመጣም፤ ከቄስ መጣ። ልጁ ጠጄና የቄስ መርስዔ ኃዘን ልጅ ታዲዮስ ተዋደዱ። ቄሱ ድርቅ አሉ። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፤ እኛ ግን እናውቀዋለን። የጅብ ዘር ከቤቴ አይገባም!» ጠጄ እህል አልቀምስ አለች። ወዳጆ አንጀቱ አረረ። ከስንቱ ሰው ላይ ጋኔን ያስለቀቀ ሰውዬ፣ ከራሱ ላይ ስሙን ማስለቀቅ አቃተው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቄሱ ራሳቸው እያለከለኩ መጡ። «ና እባክህ» አሉ፣ ዓይኑን ሳያዩ። «ሚስቴ ወድቃለች። ጠበል ብረጭ ብረጭ፣ ‹ወዳጆን ካልጠራችሁ አልለቅም› ይላል በላይዋ ያለው።»

ሲደርሱ ቤቱ በጎረቤት ተሞልቷል። የቄሱ ሚስት ወይዘሮ ዓለሚቱ መደብ ላይ ተዘርግተው እንደ ጅብ ይስቃሉ። ወዳጆ ለምዱን ገለበጠ፣ አመዱን ተቀባ፣ እየጮኸ ዳኸ። በር ላይ የተኛው ውሻ እንኳ ጭራውን ወትፎ ወጣ። በእውነት የተያዘ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን ይሸፍናል። ወይዘሮ ዓለሚቱ ግን የገዛ ሳቃቸው እንዳያመልጣቸው ነጠላቸውን ነክሰዋል! ያየው ወዳጆ ብቻ ነው። እንዴ! ደነገጠ፤ ቢሆንም ጀምሯልና ጠየቀ።

«በምን ትለቃለህ?»

«ጠጄን ለታዲዮስ ካልዳራችሁ ንቅንቅ አልልም!»

ቄሱ መስቀላቸውን ጨብጠው ላብ በላብ ሆኑ፤ «ይሁን» ሊሉ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ወዳጆ ደስታው ልቡን ሊያፈነዳው ደረሰ። ዝም ካለ አለቀ፣ ልጁ ሙሽራ ናት። አይ ፈተና! ዝም ብሎ የሚገኝ ሲሳይ እንዴት ያጓጓል!

«አይሆንም!» አለ፣ ለምዱን አውልቆ። «እስከ ዛሬ ለመንፈስ አመድ አብልቻለሁ፤ ልጄን ግን አላበላም። በካሳ የገባች ሙሽራ ዕድሜዋን ሙሉ ካሳ እንደተባለች ትኖራለች። ሌላ ጠይቅ!»

«አንት ደረቅ!» ብለው ወይዘሮ ዓለሚቱ በገዛ ድምፃቸው ብድግ አሉ። «ለአንተው ልጅ ብዬ ከጠዋት ጀምሮ አመድ ስቅም!» ከዚያ ወደ ባላቸው ዞሩ። «እርስዎም! በራሴ አፍ ስነግርዎ ‹ዝም በይ› አሉኝ። በጋኔን አፍ ብነግርዎ በላብ ተጠመቁ። ታዲያ በየትኛው አፍ ልናገር?»

ጎረቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱ ግን አልሳቁም። ሚስታቸውን አዩ፣ ወዳጆን አዩ። ከዚያ መቋሚያቸውን አንስተው ከገዛ ቤታቸው ወጡና ደጁ ላይ ተገትረው ቆሙ።

«ምነው አባ?» አለ ወዳጆ ግራ ገብቶት። «ይግቡና ይቀመጡ እንጂ።»

«የመጣሁበት ጉዳይ ሳይነገር አልቀመጥም» አሉ።

እንዲህ ብሎ ደጅ የሚቆም ሰው ለምን እንደመጣ መንዝ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሽማግሌ ነው፤ ልጅ ሊጠይቅ የመጣ። ወጉ በሰው መላክ ነበር፤ ቄሱ ግን ራሳቸው ቆሙ። «ልጅህን ለልጄ እንድትሰጠኝ ነው» አሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

ወዳጆን «እሺ!» ብሎ መጮህ አማረው። ግን የሴት ልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ እሺ ካለ ልጁን አቀለላት። አመድ የተቀባ ግንባሩን ቀና አድርጎ፣ እንደማንኛውም የመንዝ አባት ኮራ ብሎ፣ «ዘመድ ላማክር» አለ። «በሳምንቱ ይመለሱ፣ አባ።»

«ወይ ጉዴ! ደግሞ ሊያመላልሰን ነው!» አሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ ከመደቡ ላይ።

ቄሱ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። «እመለሳለሁ» አሉ፣ «እመለሳለሁ፣ አያ ወዳጆ።»