የቅባቴ ቅባት ባሕር ተሻገረ

የሰፈሩ ሰው «ቅባቴ» ነው የሚላት። ዕድሜዋን በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ቆማ ስታሳልፍ ጉልበቷ አልታዘዝ አላትና፣ ከአማቷ የተማረችውን ቅባት ለራሷ ማፍላት ጀመረች። የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ዝንጅብልና ሰም በዘይት ቀስ ብሎ ይንተከተካል። መጀመሪያ ጎረቤት ለመነ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ጎረቤት። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ባለቤቷ ማታ ማታ ትራሱን እያሸተተ «እኔ ያገባሁት ሴት ነው ወይስ ደን?» ይል ነበር።

አንድ ቀን ታናሽ እህቷ እያለከለከች ገባች። ይቺ እህት ሐሳብ ሲመጣላት ጫማ ማጥለቅ እንኳ የምትረሳ ናት።

«እትዬ! ቅባቱን ወደ ውጭ ልናወጣው ነው!»

«ለምን? ድመቷ ትደፋዋለች።»

«ውጭ ማለቴ ውጭ አገር! የባህል መድኃኒት ዐውደ ርዕይ አለ፣ የውጭ ገዢዎች ይመጣሉ። አስመዝግቤሻለሁ።»

ቅባቴ ተቆጣች፣ ከዚያ ደግሞ ሳቀች፣ በመጨረሻም ያላትን ጥሩ ቀሚስ ተኮሰች።

በዐውደ ርዕዩ የደረሳቸው ቦታ ከደረጃው ሥር፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ነበር። ሌላው ነጋዴ ባለመስታወት መደርደሪያ፣ ባለብልጭልጭ መብራት። እነሱ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር። ዞር ብሎ ያያቸው ሰው አልነበረም። ደግነቱ፣ ረፋድ ላይ ሊፍቱ ተበላሸና ከላይኛው ፎቅ ስብሰባ የወጣው ሁሉ በእግሩ መውረድ ግድ ሆነበት። ከመካከላቸው አንዲት ረጅም፣ ሱፍ የለበሰች የውጭ አገር ሴት ደረጃውን ጨርሳ ሳትጠይቅ ወንበራቸው ላይ ዘፍ አለች።

«ጉልበቴ… ጠፋ» አለች፣ ቋንቋውን እየሰባበረች።

«ኧረ አልጠፋም፣ ይኸው እዚህ ነው!» አለች እህት፣ በጣቷ እየነካች።

ቅባቴም ለካ ፈቃድ መጠየቅ የሚባል ነገር ረስታለች፤ የሴትየዋን ሱሪ ሰብሰብ አድርጋ ማሸት ጀመረች። ሴትየዋ ግን መኮርኮር የምትፈራ ኖሮ በሳቅ ፈነዳች። እግሯን ትሰበስባለች፣ መልሳ ትዘረጋለች፣ «ይቅር! አይ፣ ቀጥይ!» ትላለች። ሳቋ እህትን ያዛት፣ ከእህት ወደ ቅባቴ ተጋባ፣ መጸዳጃ ቤት ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ለምን እንደሚስቁ ሳያውቁ ይስቃሉ። ሳቁ ሲበርድ ሴትየዋ ዕንባዋን ጠርጋ ተነሣች፣ አንድ ሁለት ደረጃ ወጥታ ወረደች፣ ከዚያም አድራሻዋን የያዘ ካርድ አወጣች። ከዕፅዋት የሚሠሩ ቅባቶችን አስመጥታ የምታከፋፍል ነጋዴ ነበረች።

«ብዙ ትችላላችሁ?»

«የፈለግሽውን ያህል!» አለች እህት። ቤት ውስጥ ያለው አንድ ድስት ነበር።

ከዚያ ወደ ውጭ ለሚላክ ቅባት የሚጠየቀው የቤተ ሙከራ ምርመራ መጣ። የቤተ ሙከራዋ ባለሙያ መያዣ ዕቃውን ለማጽዳት በውኃ እንዴት እንደሚያፈሉ፣ ቅጠሉን እንዴት እንደሚያጣሩ፣ የአንዱ ቆርቆሮ ቅባት ከሌላው እንዳይለይ ምን ማድረግ እንዳለባቸው በትዕግሥት አስተማረቻቸው። ትዕግሥቷ ያለቀው እህት ለቆርቆሮው የጻፈችውን መግለጫ ስታነብ ነው፦ «ጉልበት፣ ወገብ፣ ራስ ምታት፣ ክፉ ሕልምና ቅናት ያድናል»።

«ቅናቱን በማን ላይ ነው የሞከራችሁት?»

«በጎረቤት» አለች እህት ሳታፍር።

ባለሙያዋ አጎንብሳ ሳቀችና ሁሉንም ሰረዘችው። «ያድናል ካላችሁ መድኃኒት ነው፣ ፈቃዱ ዓመታት ይፈጃል። ‹ለደከመ እግር የሚቀባ› በሉ፣ በመዋቢያ ደንብ ያልፋል።» ቅባቴ መጀመሪያ ከፋት። የአማቷ መድኃኒት የእግር ቅባት ይባል? ቤት ገብታ ግን ደጋግማ አነበበችውና «ውሸት የለበትም» አለች።

ትልልቅ ድስቶች ተገዙ፣ አንድ ጋራዥ ተከራዩ። አብረዋት ልብስ ያጥቡ የነበሩ ሴቶች ተሰበሰቡ፣ በዕረፍት ሰዓት እርስ በርስ በቅባቱ እየተሻሹ እንደ ተማሪ ይንጫጫሉ። ባለቤቷ ረጅሙን ማማሰያ ተረክቦ «ተሳፋሪዎች፣ ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ!» እያለ ድስቱን ያማስላል።

የመጀመሪያው ጭነት ሄደ። እህት ስልኳን መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ይዛ መግባት ጀመረች። አንድ ጠዋት ጋራዡ ውስጥ ሳሉ ስልኩ ጮኸ፤ አስመጪዋ ሴትዮ ነበረች።

«አለቀ! ሌላ ላኩ! ብዙ!»

ቅባቴ በጓንት እጇ አፏን ያዘች። ከዚያ ያን ክፉ ጉልበቷን ይዛ በድስቶቹ መካከል ዘለለች፣ ሴቶቹም እልልታውን አቀለጡት፣ ባለቤቷ ማማሰያውን እንደያዘ እስክስታ ሞከረ።

ሁለተኛውን ጭነት ራሳቸው ሸኙ። ካርቶኖቹ በአየር ማረፊያው የጭነት በር ሲገቡ አይተው፣ አጥሩ ጋ ቆሙ። አንድ አውሮፕላን ተነሣ። እህት ሻርፗን አውልቃ አውለበለበች።

«ያ እኮ መንገደኛ የጫነ ነው፣ የኛ ገና አልተነሣም» አላቸው ዘበኛው።

«ግድ የለም፣ እነሱም ደህና ይግቡ!» አለች ቅባቴ፣ ሁለት እጇን አንሥታ እያወዛወዘች።