በሲሚንቶ የለሰንኩት ግድግዳ

ነገሩ የደረሰው ባለፈው ክረምት፣ የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ትምህርቴን ጨርሼ ሐረር በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ዛሬም ዝናብ ከጣለ ጆሮዬ ግድግዳ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ያን ሰሞን በሁለት ሐሳብ ተወጥሬ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትልቅ ሕንፃ የሚሠራ ድርጅት ለሁለት ወር ልምምድ ተቀብሎኛል። ያሳደጉኝ አክስቴ ግን ፈላና በር አጠገብ፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ባለው አሮጌ ቤታቸው ብቻቸውን ናቸው። የመኝታ ክፍላቸው ግድግዳም ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ዓይኔ ስንጥቁ ላይ ባረፈ ቁጥር ለመሄድ የቆረጠው ልቤ ይሸበራል።

መላ አላጣሁም። ኢንጂነር አይደለሁ? ሲሚንቶ ገዛሁና ግድግዳውን ልስልስ አድርጌ ለሰንኩት። አክስቴ ጎረቤቱን ሁሉ እየጠሩ አሳዩ። እኔም በኩራት ተነፍቼ የሰኞውን አውቶቡስ ትኬት ቆረጥኩ።

ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ግንበኛ የጎረቤታችንን አሸንዳ ሊያዩ መጡ። አክስቴ እንደለመዱት ሥራዬን ሊያሳዩዋቸው ወደ ቤት ጋበዟቸው። ሽማግሌው ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩ። ጆሯቸውን አስጠግተው ደግመው አንኳኩ።

«ማነው ይህን የሠራው?»

«የእኔ ኢንጂነር ናት፣ ማሻአላህ» አሉ አክስቴ።

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ይህ ድንጋይ የተያያዘው በጭቃ ነው። ጭቃ የጠጣውን ውኃ መልሶ ይተፋል። አንቺ መውጫውን ደፈንሽበት። አሁን ውስጡ አጥሚት ሆኗል። ወላሂ፣ ዛሬ እዚህ ክፍል ማንም እንዳይተኛ!»

አፈርኩ። እዚያው ቤት አድጌ፣ ሴቶቻችን ግድግዳውን በየዓመቱ በኖራ ብቻ እንደሚቀቡ እያየሁ፣ ሲሚንቶ እንደማይስማማው አለማወቄን በአስተማሪዎቼ አላሳብብም። «የተማረ ይግደለኝ» ይላል ሰው፤ እኔ እውነት ላደርገው ነበር።

ሰማዩ በኤረር በር በኩል ጠቁሯል። ሽማግሌው ግድግዳውን በወፍራም አጣና ደገፉትና ውኃው እንዲወጣ ልስኑን ከግርጌው በመሮ መፈልፈል ጀመርን። የመጀመሪያው ቅርፊት ሲነሳ ቀይ ጭቃ እጄ ላይ ፈሰሰ። ወዲያው አጣናው ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ውጡ!» ብለው ጮኹ ሽማግሌው።

ወጣን። ግቢው ውስጥ ቆሜ ዞር ስል አክስቴ የሉም። የአባታቸውን ቁርአን ሊያወጡ ተመልሰው ገብተዋል። ሽማግሌው ሊይዙኝ ሲሉ አምልጫቸው ሮጥኩ። አክስቴ አልጋው ራስጌ ቆመው ቁርአኑን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል። ግድግዳው ሆድ አውጥቶ ከላያቸው ያዘነብላል። ክንዳቸውን ይዤ ጎተትኳቸው። በሩን ከመሻገራችን ተናደ።

አቧራው ሲጠራ አልጋው አይታይም፤ ድንጋይ ብቻ ነው። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ሽማግሌው የፈረሰውን ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ ግድግዳውን ራሳቸው እንደሚያነሱት ነገሩን። «በዝናብ መሀል ነውና አንዱ ረድፍ እስኪደርቅ ሌላው አይደረብም። ክረምቱን ይፈጃል። ጭቃ የሚረግጥልኝ ሰው ያስፈልጋል።»

«እሱን እኛ እንፈልጋለን። እሷ ሰኞ ትሄዳለች» አሉ አክስቴ ቆጣ ብለው።

«እኔ እረግጣለሁ» አልኩ። ተከራከሩኝ፣ እንዲያውም አለቀሱ። እኔ ግን ስልኬን አንስቼ አዲስ አበባ ደወልኩና እንደማልመጣ ተናገርኩ። ክረምቱ በሙሉ እግሬ ጭቃ፣ እጄ ድንጋይ ላይ ሆኖ አለፈ። ልምምዱ ስለቀረብኝ ከጓደኞቼ ዘግይቼ ነው የምመረቀው።

ግድግዳው ተጨርሶ አክስቴ አዲሱ አልጋቸው ላይ አንሶላ ሲያነጥፉ፣ ከነሐሴ ዝናብ ይልቅ አጥንቴ ድረስ የዘለቀውን ነገር ነገሩኝ።

«ያ ግድግዳ ሳይናድ፣ ከረቡዕ ጀምሮ አፈሩ ከውስጥ ሲወርድ እሰማው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ከሰማሽ ትቀሪያለሽ ብዬ ነዋ።»

መዘግየቴ አይቆጨኝም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እኔ ለመሄድ ብዬ ስንጥቁን ሸፈንኩ፤ እሳቸው እኔ እንድሄድ ብለው ከሥሩ ተኙ።