የአባቴ መዳፍና የወለድ ዜና

ዛሬ ከሥራ ስመለስ፣ አየር ጤና የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሬዲዮ የዜናውን ዜማ ሲያሰማ እጄ ሳላዘው ወደ ላይ ተነሣ። አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ የምወርድ መስሏት እግሯን ሰብሰብ አደረገችልኝ። መውረዴ አልነበረም። ሰውን ሁሉ ዝም ማሰኘቴ ነበር፤ ይህን ዓመል የወረስኩት ከአባቴ ነው።

ልጅ ሳለሁ እዚያው አየር ጤና፣ ሰው ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። አባቴ ጋራዥ ውስጥ የተጨራመተ የመኪና ላሜራ እየቀጠቀጠ የሚያቃና ሰው ነበር። ማታ የቀለምና የቤንዚን ሽታው ቀድሞት ይገባል። እናቴ ደግሞ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የስፌት ማሽኗ በሩ ሥር፣ ብርሃን የሚገባበት ቦታ ላይ ነበር፤ እኔ ያደግኩት በዚያ ድምፅ ነው፣ ያለሱ እንቅልፍም አይወስደኝም ነበር።

የማታው ዜና ሲጀምር አባቴ ሬዲዮኑን ከፍ ያደርግና ቀኝ መዳፉን ያነሣል። እናቴ እግሯን ከፔዳሉ ላይ ታነሣለች። እኔ የጎረስኩትን ሳላኝክ እጠብቃለሁ። ጎረቤቶቻችን አባቴ ፖለቲካ የሚወድ ይመስላቸው ነበር። እሱ ግን ጆሮውን የሚያቆመው ለአንድ ቃል ብቻ ነው፦ ወለድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወላጆቼ ከባንክ ተበድረው ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር የገዟት ኮንዶሚኒየም ነበረችን። የባንኩ ወርሃዊ ክፍያ ከአባቴ ደሞዝ ጋር ጨርሶ ስለማይተዋወቅ፣ የራሳችንን ቤት አከራይተን እኛ በርካሽ የሰው ቤት እንኖራለን። ውሉ ላይ ደግሞ ባንኩ ወለዱን እንደ ጊዜው ሊለውጥ ይችላል ይላል። ወለድ ቢቀንስ ቤታችን እንገባለን፤ ቢጨምር ባለንበት እንከርማለን።

ቁልፍ የተረከብን ቀን ቤቷ ያልደረቀ ሲሚንቶ ትሸት ነበር። እናቴ ባኞ ቤት ገብታ ከውስጥ ቆለፈችና ቆየች። የጋራ ሽንት ቤት ወረፋ ስትጠብቅ ለኖረች ሴት፣ ያ በር ትልቅ ነገር ነበር።

"ምነው ቆየሽ?" አላት አባቴ።

"ምንም። ደስ ብሎኝ ነው።"

ከዚያ መስኮቶቹን ለካች። ቢጫ መጋረጃ ሰፍታም ጨረሰች፤ ግን ተከራይ ስለገባ መጋረጃው ናፍታሊን ተበትኖበት አልጋ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የቤታችን ባለቤት ዜና አንባቢዋ ትመስለኝ ነበር። አንድ ማታ "አባዬ፣ ሴትየዋን ለምን አትለምናትም?" ብዬ ጠየቅኩት። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

"የዩኒፎርም ጨርቅ ሲወደድባት እናትሽ ምን ታደርጋለች?"

"የስፌቱን ዋጋ ትጨምራለች።"

"ባንክም እንደዚያው ነው። ገንዘቡን እሱም ከሰው ነው የሚያመጣው። ኑሮ ሲወደድ ባለገንዘቡ 'ጨመር አድርጉልኝ' ይላል። መንግሥት ቦንድ ሲሸጥ ጥሩ ወለድ ከሰጠ ደግሞ ገንዘቡ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። ባንኩ እንዳይቀርበት እሱም ለአስቀማጩ ይጨምራል። የጨመረውን ከማን ያመጣል? ከኛ።"

"እኔ ግን አንዴ ከተዋዋልኩት ደንበኛ ላይ ጨምሬ አላውቅም" አለች እናቴ፣ ቀና ሳትል።

ከዚያ ወዲህ እኔም ዜና አዳማጭ ሆንኩ። የነዳጅ ዋጋም ተባለ የዶላር፣ ዞሮ ዞሮ መጋረጃው ያለበት ሳጥናችን ጋ እንደሚደርስ ገብቶኝ ነበር። ወለድ ካልተነሣ የእናቴ ማሽን ዜናው እንዳለቀ ይቀጥላል። ጨመረ ከተባለ ግን ዝም ይላል። ከግቢው በር ላይ ሆኜ፣ ሬዲዮውን ሳልሰማ፣ ዜናው ምን እንደነበር ከማሽኑ አውቅ ነበር።

አንድ ጊዜ ተከራያችን ሥራ ተዛውሮ ወጣ። አባቴ "በቃ፣ እንደምንም እንግባ" አለ። እናቴ መጋረጃውን አውጥታ ተኮሰችው። እኔ ለክፍል ጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። በዚያው ሳምንት ዜናው መጣ። ኑሮ ተወዷል፣ የመንግሥት ቦንድ ወለድ ከፍ ብሏል፣ ባንኮችም በብድር ላይ ሊጨምሩ ነው። ዜናው አልቆ ማስታወቂያ ገባ፤ የአባቴ መዳፍ ግን አልወረደም። እናቴ ተነሥታ መጋረጃውን እንደነበረው አጣጠፈችው።

"ጨርቅ አይበላሽም" አለችው፣ ትከሻውን ነካ አድርጋ። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ቤታችን የገባነው እኔ ተምሬ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። መጋረጃው በታጠፈበት መስመር ደብዝዞ ነበር። እናቴ ግን ሌላ አልሰፋም ብላ እሱኑ ሰቀለችው። የአባቴ ጆሮም እስከዚያ አልጠበቀም። ስንት ዓመት ላሜራ የቀጠቀጠበት መዶሻ መስሚያውን ወሰደበት። መጀመሪያ ሬዲዮኑን ከፍ ማድረግ፣ ከዚያ ጠጋ ማለት፣ በመጨረሻ መጠየቅ ሆነ። ላዝንለት ስል ይስቅብኛል። ዕዳው ግን ዛሬም አላለቀም።

ዛሬ በሚኒባሱ ሬዲዮ የሰማሁት ያንኑ የድሮውን ዜና ነበር፤ ቦንዱም ጨምሯል፣ ብድሩም ሊጨምር ነው። ደረጃውን ስወጣ ከደሞዜ ላይ ምኑን ከምን እንደማሸጋሽግ እያሰብኩ ነበር። በሩን ስከፍት የማታ ፀሐይ በቢጫው መጋረጃ አልፋ ቤቱን ሞልታዋለች። በቤታችን ሬዲዮ ሌላ ጣቢያ ያንኑ ዜና ያነባል። አባቴ መዳፉን አንሥቷል፣ እናቴም እግሯን ከፔዳሉ አንሥታለች። ቃሉ ሲጠራ ከእናቴ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

"ምን አለ?" አለ አባቴ፣ እንደማይሰማ ሰው ጮክ ብሎ።

እናቴ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች። "ስለ ወለድ ምንም አላለም" አለችውና ፔዳሉን መርገጥ ጀመረች።

አባቴ መዳፉን ከአየር ላይ አውርዶ ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ አሳረፈው። ንዝረቱ ሲሰማው ፊቱ ፈታ አለ። "ተመስገን" አለ።

ቦርሳዬን አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እናቴ ትረግጣለች፣ ማሽኑ ይሄዳል። መርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም።