የእመት መሪማ ጉርድ ፎቶ

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እጄ ብዕር ሲይዝ አሁንም ይከብደዋል። ስለ ሰው መጻፍ የአዋቂዎች ነው ብዬ ብዙ ጊዜ ተውኩት። ግን አብዱልጀሊልን የሚያውቁት ሰዎች አንድ አንድ እያሉ ሄዱ፤ ከሱም ከሚስቱም አፍ የሰማሁት አብሮኝ እንዳይቀበር ፈራሁ። ስህተት ካለ የኔ ነው፤ አንባቢ ይለፈኝ።

አብዱልጀሊል ከሚሴ ውስጥ፣ ከመኪናው መንገድ ዳር ፎቶ ቤት ነበረው። ቤት ይባል እንጂ አንዲት ክፍል ናት፤ ከፊት ሰማያዊ የተቀባ ግድግዳና በርጩማ፣ ከኋላ ደግሞ በጥቁር ጨርቅ የተጋረደች፣ ፊልም የሚያጥብባት ጓዳ። መብራት ስላልነበረው ሰው የሚያነሳው በሩ አፍ ላይ፣ በቀን ብርሃን ነው። ካሜራው ባለ ሁለት ዓይን ናት። ፊልሟ ሰፊ ስለሆነ ፊልሙን ከወረቀቱ ጋር አጣብቆ በፋኖስ ብርሃን ሲያትመው ለመታወቂያ ልክ የሆነች ጉርድ ትወጣለች። ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፤ ቀበሌው ጉርድ አምጣ ይላል፣ ገበሬ ማኅበሩ ጉርድ አምጣ ይላል፤ ስለዚህ ሥራ አላጣም።

ሰውየው ረጅም፣ ቀጭን፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ነበር። ሻይ ተቀድቶለት ሲነሳ ሲቀመጥ ይበርድበታል። "ሰላት ላይ ብቻ ነው ረጋ የሚለው፤ እሱንም ኢማሙ ይዘውልኝ ነው" ትል ነበር ሚስቱ ዘምዘም።

ብርሃን ግን ያውቅ ነበር። ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል፣ የእጁን ጥላ መሬት ላይ ያያል፣ ከዚያ የሌንሱን ቀዳዳ ያሰፋል ወይም ያጠባል። ቀዳዳው በጣም ከሰፋ ፎቶው ይነጣል፣ በጣም ከጠበበ ይጠቁራል። አሥር ዓመት ሙሉ እንዲህ በዓይኑ ሲሠራ፣ ፊቴን አጠቆርክብኝ ብሎ ፎቶ የመለሰለት ሰው አልነበረም።

በስድሳ ስድስት አብዮት ከፈነዳ ስምንት ዓመት ሆኖታል እንበል፣ አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ወረደ። አንድ ነጋዴ የተሰበረ ሰዓትና መነጽር ማዳበሪያ ላይ ዘርግቶ ይሸጣል።

"ይሄኛው ሰዓት ሞቷል" አለው ነጋዴው አንዱን አንስቶ። "ውሰደው ግድ የለም፣ ልጅ ይጫወትበታል።"

አብዱልጀሊል ገና ሲያየው አወቀው። ደሴ ፎቶ ቤት ሲማር ጌታው እጅ ላይ አይቶታል። ሰዓት ሳይሆን የብርሃን መለኪያ ነው። ከመዳፍ አይበልጥም፤ ባንድ ወገኑ የማር እንጀራ የመሰለ መስታወት አለው፣ በሌላው ወገን ቁጥሮችና አንዲት ቀጭን መርፌ። ባትሪ አይፈልግም። ጥላ ውስጥ ሲገባ መርፌዋ ትተኛለች፣ ፀሐይ ሲያይ ትነሳለች። እሷ የቆመችበትን ቁጥር አይቶ ቀለበቱን ማዞር ነው፤ ቀዳዳውን ምን ያህል እንደሚያደርግ ይነግረዋል።

ይዞት ከሚሴ ከተመለሰ ወዲህ ስሙ ተቀየረ። "ፀሐይ የሚለካው" አሉት። ሰው መለኪያውን ለማየት ብቻ ደጁ ላይ ይቆማል። የቀበሌው ሊቀመንበር እንኳ አገላብጦ አይቶ፣ "ጓድ አብዱልጀሊል፣ ይሄ ነገር ስንት ጣቢያ ይይዛል?" ብሎታል። ሰማዩን ቀና ብሎ ማየት ቀረ። መርፌዋ ካለችው ውጭ ሲሠራ ሰው እንዳያየው ያፍር ጀመር።

በግንቦት እመት መሪማ መጡ።

እመት መሪማ የጨፋ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ከከሚሴ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ሐጅን እንጂ ሌላ አላሰቡም። በዚያ ዓመት ስማቸው ከተጓዦቹ ዝርዝር ገባላቸው፤ የጎደለው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ልጃቸው ሙሀመድኑር በማግስቱ በአራት ሰዓቱ አውቶቡስ ወረቀቱንና ፎቶውን ይዞ ደሴ መግባት አለበት። ያ ቀን ካለፈ ዝርዝሩ ይዘጋል፤ እሳቸውም ይቀራሉ።

ግን በዕድሜያቸው ፎቶ ተነስተው አያውቁም። የሰው መልክ ማስቀረት ያስፈራቸዋል። ሸኹ፣ "ለሐጅ ከሆነ ዶሩራ ነው፣ የግድ ነው፤ አንድ ተነሺ" ስላሏቸው ነው የመጡት።

"ያ ልጄ" አሉ በርጩማው ላይ ሳይቀመጡ። "አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሸኹ የፈቀዱልኝ አንዷን ነው።"

"አንድ ይበቃናል እመት" አለ አብዱልጀሊል መለኪያውን ከኪሱ መዞ። "ይህ እያለ ሁለተኛ ምን ያደርጋል?"

"ምንድን ነው እሱ?"

"ብርሃን ይለካል።"

"ብርሃን እንደ ማሽላ ይሰፈራል እንዴ?"

ደጅ የቆሙት ሰዎች ሳቁ። ሙሀመድኑር፣ "ኡሚ፣ በቃ ተቀመጪ፣ ፀሐይዋ ትሄዳለች" አላቸው።

ተቀመጡ። አዲስ ነጭ ነጠላ ከራሳቸው እስከ ትከሻቸው ተከናንበዋል፤ ፊታቸው ጠቆር ያለ ጠይም ነው። አብዱልጀሊል በዓይኑ ገመተና ቀዳዳውን አሰፋ። ከዚያ መለኪያው ትዝ አለው። መለኪያውን ከሰው ፊት አንድ ስንዝር ያህል ማስጠጋት እንደሚገባ ደሴ አይቷል። ግን እንዴት አድርጎ? ሐጅ ለመሄድ የነየቱ ትልቅ ሴት ፊት ላይ፣ ያውም ልጃቸው ቆሞ እያየ፣ እጁን ሊዘረጋ? አፈረ። ወደ ጎን ዞር አለና መለኪያውን ትከሻቸው ላይ ወዳለው ነጠላ አስጠጋ። መርፌዋ ብድግ አለች። ብርሃን ሞልቷል፣ አጥብብ፣ አለች።

ዓይኑ አይሆንም አለው። መርፌዋ ይሆናል አለችው። ደጅ የቆመው ሰው እሱን ሳይሆን መርፌዋን ነው የሚያየው። ቀዳዳውን አጠበበና ጠቅ አደረገ።

"አለቀ?" አሉ እመት መሪማ።

"አለቀ።"

"አልሃምዱሊላህ" ብለው ነጠላቸውን ወደ ፊት ሳብ አድርገው ወጡ። ሙሀመድኑር፣ ጧት መጥቼ እወስዳለሁ ብሎ ተከተላቸው።

ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሰላት እንደተሰገደ፣ አብዱልጀሊል ፊልሙን አጠበ። ፊልም ላይ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ነው፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ። አንጠልጥሎ ወደ በሩ ቀና ሲያደርገው ነጠላው በደንብ ይዟል፤ ፊት መኖር ያለበት ቦታ ግን እንደ ታጠበ ብርጭቆ ባዶ ነው። ቢሆንም አተመው። ወረቀቱ ፎቶ የሚያወጣው መድኃኒት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የነጠላው እጥፋት አንድ በአንድ ወጣ፣ አማረ። ከዚያ መሐሉ ጠቆረ። ዓይን የለም፣ አፍንጫ የለም። ነጠላ የለበሰ ጥላ ሆነ።

ብርሃኑን ቀንሶ ደግሞ አተመ፤ ጥቁሩ አመድ መሰለ እንጂ ዓይን አልመጣም። አራት ጊዜ አተመ። ከጓዳ ይወጣል፣ ደጅ ያያል፣ ተመልሶ ይገባል። ዘምዘም መክሰስ አቀረበች፤ አንድ ጎርሶ ተነሳ።

"ምን ሆነሃል? ጉንዳን ገባብህ?" አለችው።

እሱ እርሳስ ቀረጸና ከፎቶዎቹ አንዱ ላይ ዓይን መሳል ጀመረ። ሁለት ዓይን፣ ቅንድብ፣ ትንሽ አፍንጫ። እጁ ጥሩ ነው፤ የተቧጨረ ፎቶ በእርሳስ ይጠግን ነበር። ጨርሶ ለዘምዘም ሰጣት። እሷ ወደ ፋኖሱ አስጠግታ አየችው።

"ቆንጆ ናት። የማን ልጅ ናት?"

"እመት መሪማ ናቸው እኮ።"

"ወላሂ አይደሉም! በዚህች ፎቶ ሐጅ የምትሄደው ሌላ ሴት ናት።" ድምፅዋ ወዲያው ተለወጠ። "አብዱልጀሊል፣ አንድ ሰው ኬላ በር ላይ ፎቶውንና ፊታቸውን ቢያስተያይስ? ከመንገድ ቢመልሷቸውስ? በጫንቃህ ትሸከመዋለህ?"

ፎቶውን ከእጇ ወስዶ እሳት ውስጥ ጨመረው። ከዚያ ቁጭ ብሎ መለኪያውን አየው። ገና ትንሽ ብርሃን ስለነበር ይዞት ደጅ ወጣ፤ ገመድ ላይ የተሰጣ የዘምዘም ነጭ ነጠላ አለ፣ ወደሱ አስጠጋው። መርፌዋ ተነሳች። "ነይ እስቲ" ብሎ ዘምዘምን ጠራና ወደ ጉንጯ አስጠጋው። መርፌዋ ዝቅ አለች።

"ገባኝ" አለ። "ነጭ ሲያይ ብርሃን የሞላ ይመስለዋል። ፊታቸውን አልጠየቅኩትም እኮ፣ ነጠላቸውን ነው የጠየቅኩት።"

"ታዲያ ለምን ፊታቸውን አልጠየቅክም?"

"አፈርኩ።"

ዘምዘም ልትስቅ አለችና ተወችው።

አንድ ብቻ ብለዋል። ሁለተኛ ተነሱ ብሎ በምን አፉ ይጠይቃቸው? ፊልሙ ተቀደደ ቢልስ? ካሜራው ወደቀ ቢልስ? ተኝቶም ሲገላበጥ ይህንኑ ያወጣል፣ ያወርዳል።

በማግስቱ ሱብሒ እንደሰገደ ካሜራውን በትከሻው፣ መለኪያውን በኪሱ፣ አንዷን የጠቆረች ፎቶ በደረት ኪሱ አድርጎ ወደ ጨፋ ወረደ። ግማሹን መንገድ ሮጠ። ፊልሙ ተቀደደ የሚለውን ለመናገር እየተለማመደ ነበር። ሲደርስ እመት መሪማ በረት ከፍተው ከብት እያስወጡ ነው።

"አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ እመት?"

"ነጋ፣ ገላታ ረቢ፣ ደህና። ኮቱ፣ ግባ። ምነው ሙሀመድኑር ይመጣልህ አልነበር? ምን አስቸኮለህ?"

የተለማመደው ሁሉ ጠፋበት። "አበላሸሁት እመት። ፊትዎ ጠቁሮ ቀረ። መለኪያውን ፊትዎ አጠገብ ማድረግ ሲገባኝ አፈርኩና ነጠላዎ ላይ ለካሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ሙሀመድኑር ጫማውን ሳያስር ከቤት ወጣ። "ምን አልክ? ዛሬ እኮ ነው የምሄደው! ትላንት ለሰው ትርኢት ስታሳይ..."

"ዝም በል አንተ" አሉት እናቱ። "አምጣው እስቲ።"

ፎቶዋን ሰጣቸው። አራቁት፣ አቀረቡት፣ ወደ ፀሐይ አዞሩት። እጃቸው ላይ እያለች አብዱልጀሊል አንዴ በግራ እግሩ፣ አንዴ በቀኝ እግሩ ቆመ።

"ይቺ እኔ ነኝ?"

"እርስዎ ነዎት።"

"ዓይን አላት?"

"የላትም።"

"አፍስ?"

"የላትም እመት፣ ምንም የላትም።"

"እንዲያ ከሆነ ይሄ መልክ አይደለም፣ ጨርቅ ነው" አሉ እመት መሪማ። "መልክ ካልወጣ አልተነሳሁም። ሸኹ የፈቀዱልኝ አንዷ አሁንም አለችኝ።" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "በርጩማ አምጣ። አንተም ጫማህን እሰር።"

ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ጠብቀው በቤቱ ጥላ በኩል ተቀመጡ። አብዱልጀሊል መለኪያውን አወጣና እንደገና አፈረ። ከዚያ በሁለት እጁ አድርጎ ሰጣቸው።

"እንደ መስታወት ይያዙት። ማር እንጀራ የመሰለው ወደ ፊትዎ ይሁን። ትንሽ ዝቅ፣ ጥላው እንዳያርፍብዎ።"

"እንዲህ?"

"እንደዚያ።"

ቁጥሮቹ በጀርባው በኩል ስለሆኑ መርፌዋን ከቆመበት ሆኖ አያት። ወደ ታች ወርዳለች። ዓይኑም የገመተው እዚያው ነበር። ቀዳዳውን አሰፋና ጠቅ አደረገ።

"አሁን ባይወጣ ሦስተኛ የለም" አሉ መለኪያውን ሲመልሱለት። ይህን ሲሉ አልሳቁም።

ከዚያ ሩጫ ሆነ። ሁለቱ ሰዎች የጨፋን ሣር እየሰነጠቁ ከሚሴ ሲገቡ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው። ሙሀመድኑር ደጅ ቆሞ አውቶቡስ ይጠብቃል፣ አብዱልጀሊል ጓዳ ገብቶ ፊልም ያጥባል፣ ዘምዘም ፊልሙን በሰፌድ ታራግባለች። ገና እርጥብ እንዳለ አተመው። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ነጠላው ወጣ። ከዚያ ቅንድብ፣ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ አፋቸው አጠገብ ያለው መስመር።

"እሳቸው ናቸው!" አለች ዘምዘም ጨርቁን ገልጣ።

ውጭ ጥሩምባ ተነፋ። ሙሀመድኑር በመስኮቱ፣ "መጣ! መጣ!" ይላል። አከታትሎ ያተማቸው አራት ጉርዶች ውኃ ያንጠባጥባሉ፤ ወረቀት መሐል ቢገቡ ተጣብቀው ይቀራሉ። አብዱልጀሊል ጫፍ ጫፋቸውን ይዞ ወጣ፣ አውቶቡሱም ላይ አብሮ ወጣ።

"አንተ ወዴት ነህ?" አለው ሙሀመድኑር። "የይለፍ ወረቀት አለህ?"

"የለኝም። ሐርቡ ኬላው ሳይደርስ እወርዳለሁ። መስኮቱን ክፈትልኝ።"

ረዳቱ ጮኸ፣ ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ አንዲት ሴት ግን ዕቃዋን ሰብስባ የመስኮቱን ወንበር ለቀቀችለት። ሁለት ሁለቱን በየጣቱ መሐል ይዞ ለነፋሱ ሰጣቸው። ነፋሱ እንዳይነጥቀው ክንዱ እስኪዝል ጨብጦ ያዘ። ሐርቡ ሊደርሱ ሲሉ ወረቀቶቹ ጠርዛቸው ተጠቅልሎ ደረቁ። በጉልበቱ ላይ አቃናቸው፣ ቆጠራቸው፣ ሙሀመድኑር እጅ ባለው ፖስታ ውስጥ አስገባቸው፤ አንዴ ደግሞ አውጥቶ ፊታቸውን አየና መለሰ።

"ወራጅ!" አለ።

አውቶቡሱ አቧራ አልብሶት ሄደ። እሱ ግን ቆሞ አላየውም፤ ወዲያው ፊቱን አዙሮ በመኪናው መንገድ ዳር ወደ ከሚሴ በእግሩ ጀመረ።