የእሳቸው ልጅ ጠፈር ላይ፣ የእኔዋ ተራራ ላይ

አሠሪዬ ሲኞራ ልጃቸው ወደ ጠፈር ሊሄድ መሆኑን የነገሩኝ ቀን መስኮት እየወለወልኩ ነበር። እዚህ ጣልያን፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር ያለው ቤታቸው ነው የምሠራው፤ አሮጊት ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ያላቸው እሱ አንድ ልጅ ብቻ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ጠፈር የሚሄድ ሰው ሁሉ መንግሥት የላከው ይመስለኝ ነበር።

«መንግሥት ነው የሚልከው?» አልኳቸው።

«የምን መንግሥት፣ ኩባንያ ነው ከፍሎ ወንበር የገዛለት። መንኮራኩሩም የግል ነው፣ ታክሲ በይው። እላይ ያለው ጣቢያ ላይ ሁለት ሳምንት ሠርቶ ይመለሳል።»

ጣቢያ ሲሉኝ በዓይኔ የመጣው የባቡር ጣቢያው፣ ቴርሚኒ ነው፣ ያ ሁሉ ሰውና ሻንጣ። ቤት ገብቼ ለልጄ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እማዬ፣ እዚያ ቦርሳሽን የሚነጥቅሽ የለም» አለችኝ። ያን ጊዜ ልጄ ገና አጠገቤ ነበረች። ፒኜቶ ሰፈር በተከራየናት ክፍል አብረን ነበርን።

ልጄ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ጊዜው አልፎ እድሳቱን ስንጠብቅ ኖርን፤ ነገ ኑ፣ በሚቀጥለው ወር ኑ። አንዲት ጓደኛዋ ጀርመን ገብታለች፣ በየቀኑ ደውላ ነይ ትላታለች። እኔ ሬሳዬን ተራምደሽ ካልሆነ አልኩ። የተስማማች መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ገባሁ። ጫማዬን አወለቅኩና እንደ ልማዴ መጥረጊያ አነሳሁ። ከእሷ አልጋ ሥር ጀምሬ ፀጉሯንም፣ የብስኩቷን ፍርፋሪም አንድ ላይ አፍሼ ጣልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ስልኬን ያየሁት። ድምፅ ልካለች። «እማዬ፣ ባቡር ላይ ነኝ። የፈረንሳይን ድንበር በተራራ በኩል ነው የምንሻገረው፣ ብቻዬን አይደለሁም። አትቆጪኝ።» ስደውል ስልኳ ተዘግቷል።

እኛ ዘንድ መንገደኛ ከወጣ ደረሰ እስኪባል ድረስ ቤቱ አይጠረግም። እናቴ ናት ያስተማረችኝ። ከጠረግሽ መንገደኛውን አብረሽ ጠረግሽው ማለት ነው። እኔ ልጄ መሄዷን ሳላውቅ በገዛ እጄ ጠረግኳት። ሰው ቢስቅብኝም ግድ የለኝም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴን መጥረጊያ አላስነካሁም።

በዚያው ሳምንት የሲኞራ ልጅ መነሻው ደረሰ። ከመብረሩ በፊት ጉንፋን እንዳይዘው ተብሎ ከሰው ለይተው አስቀምጠውት ነበር። «ብሄድም እኮ አያስጠጉኝም ነበር፣ እናቱን» ብለው አለቀሱ። እኔ አይዞዎት እያልኩ ትከሻቸውን አሻሸሁ እንጂ ሆዴ ሌላ ነበር። ጉንፋን እንዳይዘው ሐኪም የሚጠብቀው ልጅ! የእኔዋ በስስ ጃኬት በረዶ ላይ ናት። እኔም ልጄን ሳልስም ነው የተለየኋት፣ ግን የሚያለቅሱት እሳቸው ናቸው።

ሮኬቱ ሲነሳ በቴሌቪዥን አብረን አየን። እጄን ይዘው እስኪያመኝ ጨመቁት። እሳቱ ሲወጣ በስመ አብ ብዬ አማተብኩ፤ ያ ሁሉ እሳት ከሰው ልጅ መቀመጫ ሥር። እሱስ እውነት ነው፣ ለእሳቸውም ፈራሁላቸው። ከዐይን ሲሰወር እንባቸውን ጠርገው፣

«አሎራ፣ በይ እንግዲህ፣ ክፍሉን ጥረጊልኝ፤ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ አዝረክርኮት ነው የሄደው» አሉኝ።

«ዛሬ አልጠርግም፣ ሲኞራ።»

«አሞሻል?»

«አላመመኝም። እስኪደርስ ቤቱ አይጠረግም።» ምክንያቱን ነገርኳቸው።

ሳቁብኝ። «ልጄ ዓለምን በሚዞር ነገር ላይ ተቀምጧል፣ አንቺ መጥረጊያ ትይኛለሽ» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ግን መጥረጊያውን አንስተው እያነከሱ በረንዳ ላይ አወጡት፣ በሩንም ቆለፉት።

በማግሥቱ መንኮራኩሩ ጣቢያው ጋ ደርሶ ሲገጥም እንደገና አብረን አየን። በሩ ተከፈተና ልጃቸው ዓሣ መስሎ እየዋኘ ገባ፤ እዚያ የነበሩት ሰዎች አቀፉት። ሲኞራ ቁልፉን ሰጡኝ። «ደረሰ። በይ አሁን ጥረጊ።»

ጠረግኩ። እየጠረግኩ ቅናት አንጀቴን በላው። ገንዘባቸውን አይደለም የቀናሁበት፣ ገንዘባቸውን ለምጄዋለሁ። የእሳቸው ቤት መጥረጊያ የሚያነሳበትን ሰዓት ያውቃል፣ የእኔ ቤት ግን አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ የሲኞራን ስልክ ጠላሁት። ጣቢያው የት እንደደረሰ የሚያሳይ ካርታ አለው፤ አንዲት ነጥብ ባሕሩን ስታቋርጥ ትታያለች። «ብራዚል ላይ ነው» ይላሉ እያኘኩ። ሚኒስትሮኔ ሾርባው ተበልቶ ዕቃው ታጥቦ ሳያልቅ ልጁ ዓለምን ዞሮ ይመጣል። እኔ ኩሽና ገብቼ ስልኬን አወጣለሁ። የላክኩላት መልእክት ሁሉ አንድ ምልክት ብቻ ነው ያለው፣ አልደረሳትም ማለት ነው። ጠፈር ያለው ሰው የት እንዳለ ይታወቃል፣ ባቡር ተሳፍራ የሄደችው ልጅ አትታወቅም።

«ልጅሽስ እንዴት ናት?» ይሉኛል።

«ደህና ናት።»

እውነቱን እንዴት ልንገራቸው? እሳቸው የልጃቸውን መንገድ ለዳቦ ሻጩም ለፖርቲናያዋም፣ ለሕንፃው በር ጠባቂ፣ ያወራሉ፣ ሁሉም እንኳን ደስ ያለዎት ይላቸዋል። እኔ የልጄን መንገድ ባወራ ፖሊስ ጆሮ ይገባል ብዬ እፈራለሁ።

አንድ ቀን ልጃቸው በቪዲዮ እንዲያናግራቸው ቀጠሮ ተያዘ። የሐር ሸሚዛቸውን ተኮስኩ። ታብሌቱን እኔ ያዝኩላቸው።

«ፊትህ አብጧል» አሉት ገና ሰላም ሳይሉት። «ምንድን ነው የሚያበሉህ?»

«እዚህ ደም ወደ ላይ ይወጣል፣ ማማ፤ ሁላችንም እንዲህ ነን።» በእጁ የያዘውን ማንኪያ ለቀቀውና ማንኪያው አየር ላይ ቆመ። «መጥረጊያ የከለከለችሽ ሴትዮ አለች?»

«ይቺውልህ፣ የያዘችህ እሷ ናት።»

«ሲኞራ፣ እርስዎ ነዎት በሰላም ያደረሱኝ» ብሎ ከልቡ ሳቀ። በዚያች ሰዓት የሽርጤ ኪስ ነዘረ። አየሁት፣ የማላውቀው የውጭ አገር ቁጥር ነው። ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አጋድሜው ወደ በሩ ሮጥኩ።

«የት ነው የምትሄጂው? ኮርኒሱን እኮ ነው የሚያሳየኝ!» ብለው ጮኹ ከኋላዬ።

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

«እማዬ» አለች።

«የት ነሽ?»

«ፈረንሳይ። አንዴ መልሰውን ነበር፣ እንደገና ነው የሞከርነው። ስልኬ በረዶ ውስጥ ወደቀብኝ፤ ይሄ የሰው ስልክ ነው።»

«የማን?»

«መንገድ ላይ ያገኘችን ሴትዮ። መኪናዋ ውስጥ አስገብታ ቤቷ ወሰደችን። እግሬን ብርዱ መትቶኝ ነበር፣ ለብ ባለ ውኃ አጠበችልኝ። በራሷ አልጋ ነው ያስተኛችኝ። እማዬ፣ እንዴት ያለች ሴት መሰለችሽ።»

ተመስገን አልኩ። ሦስቴም አራቴም አልኩ፣ እንባዬም መጣ። እንባዬ ሳይደርቅ ግን እግሬን አጠበችልኝ ያለችው ትዝ አለኝ። የልጄን እግር ሌላ ሴት አጠበችው።

«የራሷ ልጆች የሏትም?»

«ወንድ ልጅ አላት።»

«ሴትስ?»

«እማዬ፣ ቀናሽ እንዴ?»

«አዎ ቀናሁ። ስልኩን ስጫት።»

«ጣልያንኛ እኮ አትችልም።»

«ስጫት ነው የምልሽ።»

ሴትዮዋ መጣች። ድምጿ ለስላሳ ነው፣ የምትለው ግን አይገባኝም። የምታየኝ ይመስል ከደረጃው ተነስቼ ጎንበስ አልኩና በአማርኛ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኳት። ከዚያ በጣልያንኛ፣ ልጄ ሾርባ ውስጥ ሽንኩርት አትወድም፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አትወድም አልኳት። ሴትዮዋ እሺ እሺ የምትል መሰለኝ። ልጄ ስልኩን መልሳ ስትቀበላት ትስቃለች።

«ምን አስቀሽ?» አልኳት።

«ሾርባዋን ከነሽንኩርቱ በላሁት እኮ፣ እማዬ። ሁለት ሳህን።»