የአባባ ውሃ ማለስለሻ

ማሽኑ መካነ ሰላም የገባው በሚኒባስ ጣሪያ ላይ፣ ከአንድ ጥቅል ፍራሽ ጎን ታስሮ ነው። ከአረብ አገር የላከችው ታናሽ እህቴ ናት፤ የላከችውም ለአባባ ነው። አባባ ቄስ ናቸው። የኩላሊት ጠጠር ለዓመታት አሰቃይቷቸው አንደኛው ኩላሊት ሥራ አቁሟል። ሐኪሙ «የቀረችውን እናድን፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ ይጠጡ» ብሎ ነበር። እሳቸው ደግሞ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ አይቀምሱም። ለቄስ ጾም ያልሆነ ቀን ስንት ነው?

ጾሙን ማን ደፍሮ ይክሰስ? ውሃውን ከሰስነው። የከተማችን ውሃ ሳሙና አረፋ አያወጣበትም፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥም ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። «ይኸው፣ ሆዳቸው ውስጥ የሚጋገረውም ይኼው ነው» አልን። እኔ መምህር ተብዬውም አብሬ አልኩ። እህቴም ይህን ሰምታ ነው ቅርፊቱን ከውሃው የሚያስቀረውን ማሽን የላከችው።

መመሪያውን አንብቤ ያስረዳሁት እኔው ነኝ። ሶኬቱ የመሬት ሽቦ ይኑረው። በማከፋፈያ ገመድ አይሰካ። ወለሉ የተስተካከለ፣ ፍሳሹ የቀረበ ይሁን፤ ውሃውም ግፊት ይኑረው። መብራት እንዳይቋረጥ። እንዳይቋረጥ! ወይ ጉድ! ይህን የጻፈው ሰው አንድ ሳምንት እኛ ቤት ይቀመጥና እንተያያለን።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከአቀስታ አስመጣሁ። ግድግዳውን እያየ ራሱን ነቀነቀ፤ ቤታችን ከተሠራ ጀምሮ የመሬት ሽቦ የሚባል ነገር አልነበረውም። እርጥብ አፈር ፈልጎ ልብስ ከምናጥብበት ድንጋይ ሥር የብረት ዘንግ ቀበረ፣ ከዚያም እስከ ሶኬቱ ሽቦ ዘረጋ። ግፊት እንዲኖረውም የውሃ በርሜላችንን ከጣሪያው በላይ ከፍ አድርገን አቆምነው። ሲጨርስ «ጋሼ፣ ለምን ፈለጋችሁት?» አለኝ። ለኩላሊት አልኩት። «ይኼ እኮ የሚያድነው ቧንቧና ማንቆርቆሪያ ነው፤ ኩላሊት ሲያድን አልሰማሁም።» ደሜ ፈላ። «አንተ ሽቦህን ሳብ፣ ሐኪም አልጠራንም!» አልኩት። ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ማሽኑ በጨው ውሃ ራሱን ያጥባል። በሦስተኛው ቀን እየታጠበ ሳለ መብራት ጠፋና እዚያው ላይ ቆመ። እኛ ምን እናውቃለን? አባባ ከቅዳሴ ሲመለሱ ከቧንቧው የተቀዳላቸውን ብርጭቆ ባርከው ጨለጡት። ፊታቸው ተጨማደደ እንጂ ቃል አልተነፈሱም። ጠርጥሬ ከዚያው ቧንቧ ቀድቼ ብቀምሰው ጨው ነው። «ኧረ አባባ! ምነው ዝም አሉ?» ብዬ ጮህኩ።

«ልጄ የላከችው ነው» አሉኝ።

በወሩ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ያ ሠራተኛ ያለኝን ደገመልኝ፤ የቀረችው ኩላሊትም እየደከመች እንደሆነ ነገረኝ። ስንወጣ እጃቸውን ይዤ በጾምም ውሃ እንዲጠጡ ለመንኳቸው። «ለበሽተኛ ይፈቀድ የለም እንዴ?»

«ለሌላው ስፈቅድ ኖሬያለሁ፤ ለራሴ ግን አፌ እንቢ አለኝ» አሉ።

እህቴ በየእሑዱ ትደውላለች። ኮንትራቷ አልቆ ለዚህ ፋሲካ ልትመጣ ነበር፤ አባባም ቀን ይቆጥሩ ነበር። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩና አንጀቴ አልቻለም። «ማሽኑ ሸጋ ነው፤ አባባም ተሽሏቸዋል። መብራቱ ብቻ ነው ያስቸገረን» አልኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

በሚቀጥለው እሑድ ደስ እያላት ደወለች። «መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ እልካለሁ። ለዚሁ ብዬ ኮንትራቴን ሁለት ዓመት አራዘምኩ» አለች። ስልኩ ድምፁ ተለቆ ስለነበር አባባ ሰሙ። ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ ውሃው ለስልሷል» አሏት።

ስልኩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሁለት ዓመት እኮ አልቆይላትም» አሉኝ።